እንደ ዳቦ የተቆረጠ ሞላ፦ አንዲት ዲኤክስ በ20,000 ብር እንዴት ዝቅ አለች

ልጁ መኪናዋን ይዞ ሲመጣ ከእሱ ቀድሞ የደረሰን ድምፁ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ጋራዡ በር በምትወጣው አጭር አቀበት ላይ ብረት ከድንጋይ ጋር ተፋጭቶ "ጋጭ" አለ። የእኛ ልጆች ሥራቸውን ትተው ዞሩ። እሱ ግን እንደለመደው ሰው አንገቱን እንኳ ሳያዞር ገባ። ከመኪናው ሲወርድ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ "ጋሼ፣ ትንሽ ታንኳኳለች እንጂ ሌላ ምንም የለባትም።"

መኪናዋ ዲኤክስ ናት፣ ኮሮላ ኬኢ70። ቶዮታ ይህን ትውልድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከኮሮላ ሳሎኖች መካከል በኋላ ጎማዋ የምትገፋ የመጨረሻዋ እሷ ናት፤ ቀጥላ የመጣችው በፊት ጎማ የምትጎተት ሆነች። ከእሷ በፊት የነበሩት ከኋላ የሚቀመጡት በባሌስትራ (በተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት) ላይ ነበር። ይቺ ሳሎን ግን ከኋላም ጥቅል ሞላ አላት፤ አክስሏን አራት ዘንጎች ይይዙታል፣ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ደግሞ አንድ አግዳሚ ዘንግ ይገታዋል። ይህን መጀመሪያ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባሌስትራ ቢሆን ኖሮ ማንም ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ይዞ አይጠጋውም ነበር።

አባቱ ናቸው የሰጡት። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ ወዲህ፣ አርባ ዓመት የሞላት ዲኤክስ እንኳ የቤት ዕቃ ሳትሆን ርስት ሆናለች። ልጁ ግን የሚያስበው ስለ መልኳ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ 2,500 ብር ከፍሎ "አስወርዷታል"። አራቱም ሞላ ሁለት ሁለት ጥቅል ተቆርጦለት፣ ሥራው ከምሳ በፊት አልቋል። አሁን የፊት ግራ ሾክ ዘይት ያለቅሳል፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ተሰንጥቆ ማታ ማታ መሬት ላይ ጠብታ ይተዋል፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከውስጥ በኩል ሽቦ ሊያወጡ ደርሰዋል። እናቱ ደግሞ ወገባቸውን ያማቸዋልና "እኔ በጋሪ አልሄድም" ብለው በታክሲ መመላለስ ጀምረዋል።

"ወደ ነበረችበት እንመልሳት?" ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱ ጠቆረ። ኪሱ ውስጥ 20,000 ብር አለ፤ የሚፈልገው ዝቅ እንዳለች ሳትንኳኳ እንድትሄድ ነው። እሺ አልኩ፤ ግን መጀመሪያ ሜትር አመጣሁ።

መኪና ዝቅ ማለቱን ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ እስካለው የአካሉ ቅስት) የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል፤ የጎማው ንፋስና ስፋት ሁሉ ሒሳቡ ውስጥ ይገባበታል። የሚለካው ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ደግነቱ ያን ቀን ለዘይት ለውጥ የመጣች፣ ማንም ያልነካት ሌላ ዲኤክስ ግቢው ውስጥ ነበረችና ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምናቸው። ያልተነካችው ከፊት 372 ሚሊ፣ ከኋላ 365 ሚሊ ነው። የልጁ መኪና ከፊት በግራ 304፣ በቀኝ 311፤ ከኋላ 288 እና 291 ወጣ። የግራና የቀኙ ልዩነት 7 ሚሊ መሆኑ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሞላውን የቆረጠው ሰው የለካው በዓይኑ ነው። ሞተሩን የተሸከመው አግዳሚ ብረት ከመሬት በ160 ሚሊ መቀመጥ ሲገባው 92 ሚሊ ላይ ተገኘ። ማታ ልጁን ወደ ቤቱ ስሸኘው ሰፈሩ መግቢያ ላይ ያለውን ብሬከር (የፍጥነት መግቻ) ለካሁት፤ 110 ሚሊ ነው። ኮፓው ለምን ተሰነጠቀ የሚለው ጥያቄ እዚያው አለቀ።

ሞላዎቹን ስናወርድ የከፋው ታየ። የተቆረጡት በጋዝ ብየዳ እሳት ነው። ከጫፋቸው አንድ ጥቅል ያህል ብረቱ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ይዟል። ሞላ ብረት ሞላ የሚሆነው በፋብሪካ በልክ ተግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞና እንደገና በመጠኑ ሞቆ ነው፤ እንደገና ቀይ እስኪሆን ካጋሉት ያ ጠባይ ይሄዳል። በአንድ በኩል ለስልሶ ይሟሽሻል፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። የትኛው የት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እነዚያን አራት ሞላዎች ለማዳን አልሞከርኩም፤ ልጁ "ጫፉን ብቻ በሴጌቶ ብናስወግደውስ?" ቢለኝም እምቢ አልኩ። ያኔ ከነአካቴው የሚቀር ጥቅል አይኖርም።

ከኋላ ያየነውን ግን ልጁም ራሱ አይቶ ዝም አለ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን አክስሉ ሾኩ እስከፈቀደለት ድረስ ሲንጠለጠል፣ በላይኛውና በታችኛው የሞላ መቀመጫ መካከል ያለው ክፍተት 275 ሚሊ ነው። የተቆረጠው ሞላ ግን ሙሉ ቁመቱ 235 ሚሊ ብቻ! ማለትም ጎማው ጉድጓድ ላይ ወይም ብሬከር ወርዶ ለአፍታ ሲንጠለጠል ሞላው 40 ሚሊ ያህል ልቅ ይሆናል። በእጄ አሽከረከርኩት፣ እንደ ቀለበት ዞረ። "ትንሽ ታንኳኳለች" ያለው ድምፅ የዚህ ነበር፤ ሞላው በየጉድጓዱ ከመቀመጫው ተነስቶ ተመልሶ ይወድቃል። አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ አቅጣጫውን ስቶ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ለልጁ አልነገርኩትም፤ ፊቱን አይቼ ገብቶታል አልኩ።

ስለ ሾኩ ደግሞ እንዲህ ነው። መኪና ዝቅ ሲል ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሞላ ነው፤ የሚያልቀው ግን የጉዞ ቦታ ነው። ያልተነካችው ዲኤክስ ቆማ ሳለች የፊት ሾኳ ዘንግ ማረፊያ ጎማው (ምቱን የሚቀበለው ላስቲክ) ላይ እስኪደርስ 75 ሚሊ ይወርዳል። የልጁ መኪና 68 ሚሊ ወርዳለችና የቀራት 7 ሚሊ ነው። 7 ሚሊ የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ኮብልስቶን ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ብትነዳት እንኳ በየሰከንዱ ትመታለች። ማረፊያ ጎማው ተፈጭቶ ሲያልቅ ምቱ በቀጥታ ሾኩ ውስጥ ወዳለው ቫልቭ ይሄዳል፣ ከዚያ ማኅተሙ ይለቃል፣ ከዚያ ዘይቱ ይወርዳል። ሾኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሞላው መጠንከርም አያድነውም፤ ሰባት ጥቅል ከሚሠራ ሞላ ሁለቱን ስትቆርጥ 40 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ ነገር ግን 7 ሚሊ ውስጥ ምን ያህል ሊሸከም?

የጎማዎቹ ነገር ቀላል ነበር። ልጁ "ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ስላዘነበሉ ነው" ብሎ ከኢንተርኔት ያነበበውን ነገረኝ። ትንሽ እውነት አለው፤ ጎማ ግን እንዲህ በሦስት ሳምንት የሚበላው በማዘንበሉ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ባለመሮጡ ነው። ክር ወጥረን ስንለካ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በድምሩ 9 ሚሊ ወደ ውጭ ተከፍተው ተገኙ። መኪና ዝቅ ሲል የመሪው ዘንጎች አንግል ይቀየራል፣ ጎማዎቹም አብረው ይዞራሉ። ሞላ ከተነካ በኋላ ኮንቨርጀንስ (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሳያሠሩ መንዳት ጎማን በሞረድ እንደማስሞረድ ነው፤ የመጀመሪያው ጋራዥ ይህን አልነገረውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ልጁን መኪናዋ አጠገብ አቁሜ "ስታያት ደስ የሚልህ ምኗ ነው?" አልኩት። ትንሽ አሰበና ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት በጣቱ አሳየኝ። "ይሄ ሲጠፋ ነው" አለ። እኔም የፈለግኩት እሱን ነው። ዝቅ ያለ መኪና የሚወድ ወጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ከመሬት ያለውን ርቀት አያይም፤ የሚያየው ያን ባዶ ጥቁር ክፍተት ነው። ክፍተቱን ደግሞ መኪናውን በመጣል ብቻ ሳይሆን ፓራፋንጎውን በጎማ በመሙላትም ማጥበብ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ሒሳብ ልናገር። የልጁ ጎማ 165/80 በ13 ነው (ስፋቱ በሚሊ፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች)፤ ዳያሜትሩ 594 ሚሊ ይሆናል። ጓደኞቹ 185/60 በ13 እንዲያስገባ መክረውታል፤ ያ 552 ሚሊ ነው። መኪናዋ በእርግጥ በ21 ሚሊ ወደ መሬት ትወርዳለች፤ ነገር ግን ጎማው ራሱ ስለሚያንስ የፓራፋንጎው ክፍተት በዚያው ልክ በ21 ሚሊ ይሰፋል! ኮፓህን ወደ ድንጋይ እያቀረብክ መልኩን ታበላሻለህ፤ በዚያ ላይ የፍጥነት ቆጣሪው ከእውነቱ የበለጠ ያነባል። 185/70 በ13 ብታደርግ ግን ዳያሜትሩ 589 ነው፤ ከነበረው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። 20 ሚሊ ይሰፋል፣ ፓራፋንጎውን ይሞላል፣ የቸርኬውም ስፋት 5 ኢንች ስለሆነ ይሸከመዋል። ከዚህ ጋር አንድ ጥቅል ሞላ ብቻ ብንቆርጥ ዓይኑ የሚፈልገውን አብዛኛውን ያገኛል።

አንድ ጥቅል ምን ያህል ያወርዳል? ለዚህ የሒሳብ መጽሐፍ አያስፈልግም። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ክሪክ ላይ ሆኖ አይደለም፣ ከአንዱ የሞላ ሽቦ መሃል እስከ ቀጣዩ ሽቦ መሃል ለካ። ያ ቁጥር አንድ ጥቅል ብትቆርጥ መኪናው የሚወርድበት ልክ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጥቅል የሚሸከመው ያንኑ ክብደት ነው፣ የተጨመቀውም እኩል ነው። ሞላውን አውርደው በባዶው የሚለኩ ሰዎች ግን የተለጠጠውን ርቀት ስለሚያነቡ ግምታቸው ይስታል። ባልተነካችው ዲኤክስ ላይ ከፊት 34 ሚሊ፣ ከኋላ 37 ሚሊ አገኘን። ከፊት አንድ ጥቅል፣ ማለትም 34 ሚሊ፤ ከኋላ ሰው ስለሚቀመጥ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 28 ሚሊ ያህል አልን። ከፊት የሾኩ ጉዞ 41 ሚሊ ይቀረዋል፤ ጥሩ ባይሆንም ይሠራል። የፊቱም ሞላ ጥንካሬ በ17 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ከጎደለው ጉዞ ጋር ይመጣጠናል።

ከሶማሌ ተራ፣ ከመኪና መለዋወጫው ገበያ፣ ያልተቆረጡ ሁለት ጥንድ ሞላዎች ገዛን። ሻጩ ወጣት "ለማውረድ ከሆነ እኔ እቆርጥልሃለሁ" ብሎ ግራይንደሩን ሲያነሳ ልጁ ራሱ "አይ፣ አይነካ" አለው፤ ተምሯል። ወደ ጋራዥ ተመልሰን በሞርሳ ይዘን በሴጌቶ ቆረጥናቸው። ጊዜ ይወስዳል። በቀጭን ዲስክ ግራይንደር ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥም ይቻላል፤ ዋናው ነገር ብረቱ ቀለም እንዳይለውጥ ነው። የሚቆረጠው ክፍት ሆኖ የሚያልቀው ጫፍ ነው እንጂ ጠፍጥፎና ተጠግቶ የሚቀመጠው አይደለም። አራቱም ከተቆረጡ በኋላ ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን አቁመን ቁመታቸውን አመሳከርን፤ ከአንድ ሚሊ በላይ ልዩነት አልነበረም። የኋላው ሞላ ባዶ ቁመቱ 292 ሚሊ ሆነ። ክፍተቱ 275 መሆኑን ካስታወስክ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ቢንጠለጠል እንኳ ሞላው 17 ሚሊ ተጨምቆ በመቀመጫው ይቆያል። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል ማረፉን አይተን፣ ስለቱን በሞረድ አለዘብነው፣ የቆረጥነውንም ቀባነው።

የፊቱን ለመክፈት ሞላ መጭመቂያ ግዴታ ነው። አንድ ተማሪዬ በገመድ አስሮ ሊከፍት ሲሞክር አይቼ ከግቢው ያስወጣሁበት ቀን አለ፤ የተጨመቀ ሞላ ሲፈታ አገጭ ይሰብራል። የዚህች መኪና የፊት ሾክ ከላይ ባለ ዳዶ የሚከፈት ዓይነት ነው፤ ከውስጥ ያለው ብቻ ወጥቶ ስለሚቀየር ሙሉውን መግዛት አላስፈለገም። ማረፊያ ጎማዎቹንም ቀየርን። ጎሚኒው (የማያያዣው ላስቲክ) ያለቀበት ብራቾም (ጎማውን ከሥር ከመኪናው አካል የሚያያይዘው ክንድ) ነበር፣ እሱንም ቀየርነው።

ልጁ ከኢንተርኔት አንድ ነገር ደግሞ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በሾኩ እግርና በመሪው ክንድ መካከል የሚገባ ብረት። ነገሩ ውሸት አይደለም። መኪናው ብዙ ሲወርድ ብራቾው ወደ ጎማው በኩል ወደ ላይ ይዘነብላል፤ ያኔ መኪናው መታጠፊያ ላይ ከበፊቱ የበለጠ ይጋደማል፣ መሪውም ጉድጓድ ሲያገኝ ይነጥቃል። በዚህች መኪና ላይ የመሪው ክንድ ከሾኩ እግር ጋር በቡሎን ስለሚታሰር ቶርኖ ቤት 25 ሚሊ ብረት አስወጥቶ፣ ረዘም ያለ ጠንካራ ቡሎን አድርጎ ብራቾውን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ለ68 ሚሊ ይህ ግድ ይል ነበር። ለ34 ሚሊ ግን ብራቾው ወደ አግድም ደረሰ እንጂ አላለፈም። የመሪ ቡሎን ላይ ያለ በቂ ምክንያት እጄን አላስገባም፤ ገንዘቡም አይበቃም፤ ተውነው።

የወጪው ነገር እንዲህ ሆነ። ሞላዎቹ 4,800፣ የሾኩ ውስጠኛ ክፍል ጥንድ 7,500፣ ጎሚኒና ማረፊያ ጎማ 1,900፣ የኮፓው ብየዳ 1,200፣ ኮንቨርጀንስ 700፣ የእጅ ዋጋ 3,000። ድምሩ 19,100 ብር። ጎማዎቹ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ አባቱ ናቸው የገዙት፣ "እናቱ ገብታ እስካየች ድረስ" ብለው ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው። ልጁ ወረቀቱን አይቶ ሲተነፍስ፣ ሌላ ሒሳብ ከጎኑ ጻፍኩለት። የራሱ ሞላዎች ደህና ሳሉ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ፣ እነሱኑ በሴጌቶ ቆርጠን፣ ጎሚኒና ማረፊያ ጎማ ቀይረን፣ ኮንቨርጀንስ አሠርተን 5,600 ብር ነበር። የቀረው ሁሉ የእሳቱ ዕዳ ነው፤ ለእሱ የከፈለው 2,500 ደግሞ ገና አልተደመረም።

መጨረሻ ላይ መኪናዋ ከፊት 338፣ ከኋላ 337 ሚሊ ላይ ቆመች፤ ግራና ቀኙ በሁለት ሚሊ ውስጥ። አግዳሚው ብረት ከመሬት 124 ሚሊ ሆነ፤ የሰፈሩን ብሬከር በ14 ሚሊ ታልፈዋለች። ይህ ግን ነጂው ካወቀበት ነው። ፍሬን እንደያዝክ ብሬከር ላይ ከወጣህ የመኪናው አፍንጫ ይደፋል፤ ያቺ 14 ሚሊ ትጠፋለች። ቀድመህ ፍሬን፣ ከዚያ ልቀቅ፣ ከዚያ ውጣ። ይህን ሦስት ጊዜ አብሬው ተቀምጬ አስወጣሁት፤ በሦስተኛው ድምፅ አልነበረም። ኮንቨርጀንሱ 2 ሚሊ ወደ ውስጥ ተደረገ። የፊት መብራቶቹንም አስተካከልን፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል እንጂ ፊትና ኋላው እኩል ካልወረደ ብርሃኑ ወይ አስፋልት ይበላል ወይ የሰው ዓይን ያጠፋል።

እናቱ ቅዳሜ ዕለት መጡ። ጋራዡ ሳይገቡ በሩ ላይ ቆመው መኪናዋን ዙሪያዋን አዩ፣ "አሁንም አጥራለች" አሉ፣ ከዚያ ገቡ። ልጁ በኮብልስቶኑ ወስዶ መለሳቸው። ሲወርዱ ስለ ወገባቸው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ "ወንበሩን ወደ ኋላ አድርገው፣ ጉልበቴን ነካኝ" ብቻ ነው ያሉት። አባትየው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

አንድ ያልጨረስነው አለ። አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ አንዱ ጫፉ ከአካሉ፣ ሌላው ከአክስሉ ስለሚታሰር መኪናው ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር አክስሉ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል። አሁን አክስሉ 6 ሚሊ ወደ ግራ ተጠግቷል። ከዚያ ውስጥ በመውረዷ የመጣው አንድ ሁለት ሚሊ ነው፤ የቀረው የዘንጉ ጎሚኒ አርጅቶ ነው ብዬ አስባለሁ። ጎሚኒው ሲገኝ እንቀይረዋለን። ዘንጉን ቆርጦ በብየዳ ማሳጠር እንደሚቻል አንዱ ጎረቤት ጋራዥ ነግሮታል፤ አክስል የሚይዝ ብረት ላይ ብየዳ አልወድም አልኩትና ጠበቀ።

በሾኩ ዘንግ ላይ ያሰርኩት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አለ፤ ሾኩ ሲጨመቅ ወደ ታች እየተገፋ በጣም የወረደበት ቦታ ላይ ይቀራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አየነው። በግራ በኩል ማረፊያ ጎማው ሊነካ 9 ሚሊ ሲቀረው ቆሟል፣ በቀኝ 12። ልጁ ተንበርክኮ ማሰሪያውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ 9 ሚሊ ይተርፋል ማለት አይደል? ከኋላ ሩብ ጥቅል ብቻ ጨምረን ብንቆርጥስ?" አለኝ። ሴጌቶውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍኩበት።